ሌብነት ያዋጣል ወይ? የተሰረቀ ንብረትስ ለምን አብዛኛው ሳይገኝ ይቀራል?

መዝገቡ (ክሩን የከፈተው)

ስልኩን ወይም ስፖኪዮውን የተሰረቀ ሰው ሁሉ «ፖሊስ ጣቢያ ሄጄስ ምን ላመጣ» ይላል። እስቲ ሁለት ጥያቄ አብረን እንፈትሽ። ሌብነት ለሌባው በእርግጥ ያዋጣዋል? የንብረት ወንጀል መዝገብስ ለምንድን ነው አብዛኛው ተጠርጣሪ ሳይገኝለት የሚዘጋው?

ነገሩ የኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሜ ላስይዝ። በአሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ለፖሊስ ከተመለከተው የቤት ሰበራ ውስጥ እልባት ያገኘው 14.1 በመቶ ነበር። የመኪና ስርቆት 13.8፣ ሌላው ስርቆት 18.4 በመቶ። ግድያ ግን 61.4 በመቶ። ይህ እንግዲህ ፖሊስ ጆሮ ከደረሰው ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ቤት ለቤት በተደረገው ጥናት ንብረቱ ከተነካበት ሰው መሀል ለፖሊስ ያመለከተው ከሦስቱ አንዱ ያህል ነው። ሁለቱን በግርድፉ ብናባዛቸው ከ100 የንብረት ወንጀል እልባት የሚያገኘው 5 ወይም 6 ይሆናል።

ላቦራቶሪ፣ መኪናና ካሜራ ያለው ፖሊስ እዚህ ላይ ከቆመ «የኛ ፖሊስ ሰነፍ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ገዳይና ሟች ብዙ ጊዜ ይተዋወቃሉ፤ ሌባና ባለንብረት አይተዋወቁም። ምርመራው የሚጀምረው ከዜሮ ነው።

አንድ ነገር ልለምን፤ «እኔን እንዲህ አደረጉኝ» የሚለውን ትተን አሠራሩን እንጻፍ። ሥራውን የምታውቁ ግቡበት።

---

ሰፈረ ሰላም

ምኑን ትመረምረዋለህ ወንድሜ፣ ችግሩ አንድ ነው። ቅጣቱ ቀላል ነው። ዛሬ ተይዞ ነገ ሰፈር ውስጥ ሲንጎራደድ ታየዋለህ። አሥር አሥር ዓመት ቢከናነቡ ማን ይደፍር ነበር?

---

ችሎት ታዳሚ

ሰፈረ ሰላም፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ሕጉ ግን የምትለውን ያህል ለስላሳ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆት (አንቀጽ 665) በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከባድ ስርቆት (669)፣ ለምሳሌ ሰብሮ መግባት ወይም በቡድን ተደራጅቶ መስረቅ፣ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ውንብድና (670) እንዲሁ ከ1 እስከ 15፤ ከባድ ውንብድና (671) ከ5 እስከ 25 ዓመት። አንተ የጠየቅከው አሥር ዓመት ሕጉ ላይ ተጽፎ አለ።

«ዛሬ ተይዞ ነገ ይወጣል» የሚባለው ከየት ይመጣል? የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። መርማሪው ተጨማሪ ጊዜ ከፈለገ ምን እንደቀረው ዘርዝሮ ያስረዳል፤ በ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ዳኛው «ምስክር ማን ነው? ንብረቱ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መዝገቡ ውስጥ ያለው የአቤት ባዩ ቃል ብቻ ከሆነ ተጠርጣሪው በዋስ ይወጣል። መውጣትም አለበት። ያስለቀቀው የመዝገቡ ባዶነት እንጂ የቅጣቱ ማነስ አይደለም።

ቅጣት ሲከብድ ምን እንደሚፈጠር ከእንግሊዝ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በ1713 ከመኖሪያ ቤት 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ በስቅላት ይቀጣ ተባለ። ጁሪዎቹ (ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኝነትን የሚበይኑት) ሰው በማንኪያና በጨርቅ እንዲሰቀል ስላልፈለጉ ግልጽ ብሎ የሚታየውን ውድ ዕቃ «39 ሺሊንግ ያወጣል» እያሉ ይበይኑ ጀመር። ተበዳዩም ነፍስ በእጄ አይጥፋ እያለ ከመክሰስ ይቀር ነበር። ኪስ አውላቂነት ከሞት ቅጣት ነጻ የሆነው በ1808 ነው፤ ከዚያ በኋላ ክሱ ጨመረ፣ ሰውም መመስከር ደፈረ።

ጣሊያናዊው ቤካሪያ በ1764 ያለውም ይኸው ነው፤ ወንጀለኛን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው። ሌባ አንቀጽ አያነብም። የሚያየው ትናንት የሠራው ጓደኛው ዛሬ መያዝ አለመያዙን ነው።

---

ቀፎ ሐኪም

ስለ ስልክ የማውቀውን ልጻፍ፤ አዲስ አበባ ላይ ብዙው ቅሚያ ስልክ ላይ ነውና።

ስልክ የሚመረጠው ትንሽ፣ ውድና ቶሎ የሚሸጥ ስለሆነ ነው። ከተወሰደ በኋላ ሁለት መንገድ አለው፤ እንዳለ መሸጥ ወይም ተፈትቶ ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ ካሜራው ለጥገና መዋል። ሁለተኛው መንገድ የሚያስገኘው ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ የባለቤቱ ሥራ ስልኩን ወደ ሁለተኛው መንገድ መግፋት ነው። አይፎን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አንድሮይድ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባለቤቱ አካውንት የመቆለፍ አቅም አላቸው፤ ቢደመሰስም ሲከፈት የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል። ይህ ግን የሚሠራው አካውንቱ የራስህ ሲሆን ነው። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ሱቁ በከፈተለት አካውንት ይቀጥላል፤ የይለፍ ቃሉንም አያውቀውም። ስልኩ የጠፋ ዕለት ምንም ማድረግ አይችልም።

ከጠፋ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት የሚሠራው በቅደም ተከተል ይህ ነው።

መጀመሪያ ገንዘብ። ሲም ካርዱ ወጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያ ሲም ነው። በሰው ስልክ 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት፣ ቴሌብር ካለ 127፣ ከዚያ የባንኩን የጥሪ ማዕከል። ቀጥሎ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ወደ አካውንት ገብቶ «ጠፍቷል» ብሎ መቆለፍ። ከዚያ ጣቢያ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንዳንዱ ተናድዶ ስልኩን ከአካውንቱ ዝርዝር ውስጥ ያጠፋዋል፤ ያን ሲያደርግ ቁልፉን ራሱ ፈታለት ማለት ነው። መቆለፍ እንጂ ማስወገድ አይገባም። ሁለተኛው፣ ከቀናት በኋላ «ስልክዎ ተገኝቷል፣ ቦታውን ለማየት ይህን ይጫኑ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ የሌባው ወይም የተሰረቀውን ከሌባ የሚገዛው የተቀባዩ ነው። ያ መልእክት ስልኩ መሸጥ አልቻለም ማለት ነውና አትክፈቱት፤ ለመርማሪው አሳዩት።

አስቀድሞ ደግሞ ሲም ካርዱ ላይ ፒን ማድረግ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፓክ የሚባል ባለ 8 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ፓኩ አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከነጭራሹ ይሞታል። ፒኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩ ነባሩን ፒን ስለሚጠይቅ ሲሙ የመጣበትን ካርድ ፈልጉ፤ በግምት አትሞክሩ።

---

ትዕግሥት ከአያት

ወንድሜ ቀፎ ሐኪም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣቢያ ስንሄድ «አይኤምኢአይ ቁጥር (የቀፎውን መለያ) አምጪ» ይሉናል። ካርቶኑ የተጣለ፣ ደረሰኝም የሌለው ሰው ከየት ያምጣ?

---

ቀፎ ሐኪም

እህቴ፣ ስልኩ እጅ ላይ እያለ *#06# ሲደወል ይወጣል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ ሁለት ቁጥር አለው፣ ሁለቱንም ያዢ። ከጠፋ በኋላ ደግሞ በጉግል ወይም በአፕል አካውንት ውስጥ በመሣሪያዎች ዝርዝር ስር ይገኛል። ቁጥሩ 15 አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ሞዴሉን፣ ቀጣዮቹ 6 ያንን አንድ ቀፎ ይለያሉ፤ የመጨረሻው በስሌት የሚገኝ መቆጣጠሪያ ነው። አንድ አሃዝ ተሳስቶ ከተጻፈ ስሌቱ አይገጥምም፤ ያ ቁጥር ለመርማሪው ምንም አይረዳውም። በቃል አትንገሪ፤ በወረቀት አራት አራቱን ለይተሽ ጽፈሽ ስጪ፣ ቃልሽ ላይ ሲገለበጥም አንብቢው።

ቁጥሩ በራሱ ስልኩ ያለበትን ቦታ አይናገርም። የሚታየው በኔትወርክ ድርጅቱ በኩል፣ ሌላ ሲም ገብቶበት ሲበራ ነው፤ ለዚያም መርማሪው በደብዳቤ መጠየቅ አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. የቀፎ መመዝገቢያ ሥርዓት ሲያስጀምር ዓላማው ከኮንትሮባንድ በተጨማሪ ይኸው የስርቆት ጉዳይ ነበር። ደካማ ጎኑ ድንበር ነው። እዚህ የተዘጋ ቀፎ ዝርዝሩን በማይጋራ ሌላ አገር ኔትወርክ ላይ ይሠራል። ቁጥሩን የሚቀይሩም አሉ። ቢሆንም ቁጥር የሌለው ቀፎ ቢገኝ እንኳ ያንቺ መሆኑን ማን ያረጋግጣል?

---

የመርማሪ ዓይን

የመጨረሻዋ ጥያቄ የጉዳዩ እንብርት ናት። መዝገብ የት የት ላይ እንደሚሞት ላሳይ።

አንድ የስርቆት መዝገብ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዶ እንዲጸና አራት ነገር ይፈልጋል፦ ዕቃው ነበረ፣ የአቤት ባዩ ነበረ፣ ያለ ፈቃዱ ተወሰደ፣ የወሰደው ይህ ሰው ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለአራተኛው ነው። ብዙ መዝገብ ግን ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። «ጥቁር ሳምሰንግ ስልክ፣ ግምቱ 25 ሺህ ብር» ተብሎ የተመዘገበ አቤቱታ ተቀባዩ ቤት ከተያዙ 40 ጥቁር ሳምሰንጎች የትኛው ነው? ፖሊስ «ንብረት የጠፋባችሁ ቀርባችሁ መለየት ትችላላችሁ» እያለ በየጊዜው የሚያስነግረው ለዚህ ነው። ዕቃው ኤግዚቢት ክፍል ተቀምጧል፤ ባለቤቱም ከተማው ውስጥ አለ፤ የሚያገናኛቸው ቁጥር ግን የለም። ተጠርጣሪው «ከመንገድ ገዛሁት» ይላል፣ ዐቃቤ ሕጉም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42 መሠረት ማስረጃው አያስከስስም ብሎ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ጉዳይ በቀናት ውስጥ ውሳኔ ሊያገኝ ይችላል፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ችሎትም አለ። የቤት ሰበራ ግን የሚታወቀው ባለቤቱ ማታ ሲገባ ወይም ከክፍለ ሀገር ሲመለስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ1975 እ.ኤ.አ. የመርማሪዎችን ሥራ ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ጉዳይ መፈታት አለመፈታቱን ከምንም በላይ የሚወስነው ተበዳዩ መጀመሪያ ለደረሰው ፖሊስ የሚሰጠው መረጃ ነው። በኋላ መርማሪው ቢሮ ውስጥ የሚለፋው ልፋት የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው አሻራ። ቤቱ ተሰብሮ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የተበተነውን መሰብሰብና መጥረግ ነው። አሻራ የሚቀመጠው ለስላሳ ነገር ላይ ነው፤ መስታወት፣ ቀለም የተቀባ ብረት፣ የቴሌቪዥን ጀርባ፣ የሳጥን ውስጠኛ ገጽ። ሻካራ እንጨትና የጭቃ ግድግዳ ላይ አይገኝም ማለት ይቀላል። ፖሊስ እስኪደርስ አንድ በር ብቻ ተጠቀሙ፣ የተሰበረውን መስኮት አትንኩ፣ ዝናብ ካሰጋ በንጹሕ ካርቶን ሳይነካ ከልሉት። የተገኘው አሻራ ደግሞ የሚያመሳስሉት ተጠርጣሪ ወይም ቀድሞ የተመዘገበ ካልኖረ ለብቻው ስም አይሰጥም።

አራተኛው ካሜራ። ሰው «ካሜራ አለኝ» ብሎ ይተማመናል፤ ምስሉ ግን ሦስት ቦታ ይበላሻል።

አንደኛ ይደመሰሳል። አራት ካሜራ እያንዳንዱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 86 ጊጋባይት ግድም ይሞላል፤ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ በ11ኛው ቀን አካባቢ የመጀመሪያውን መደምሰስ ይጀምራል። አቤት ባዩ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ሄዶ «ካሜራችሁን አሳዩኝ» ሲል አልቋል።

ሁለተኛ ከፍታው ነው። አራት ሜትር ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየው ኮፍያ ነው። አጠቃላይ እይታ የሚሰጠው ከላይ ይቆይ፤ አንዱ ግን በሩ ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ፣ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በጀርባው ሳይሆን መሰቀል አለበት።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው፤ ጠበቃ የሚይዘው ይህን ነው። ቃል የሚሰጠው በኢትዮጵያ ሰዓት «ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20» ተብሎ ነው። ካሜራው 21:20 ይላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የመቅጃው ሰዓት ተዛብቶ 18:47 ሊል ይችላል። ምስሉ ሲገለበጥ በዚያች ቅጽበት የመቅጃው ሰዓት ስንት እንደሚልና ትክክለኛው ሰዓት ስንት እንደሆነ ጎን ለጎን አጽፉ፤ መቅጃውንና የእጅ ስልካችሁን ሰዓት በአንድ ፎቶ አንሱ። ይህ ካልተደረገ ምስሉ ፊት እያሳየም ይጣላል።

የመጨረሻው፣ ዕቃውን ያገኘ አቤት ባይ ችሎት አይመጣም። መጥሪያ ሲደርሰው ሥራ አለብኝ ይላል። ዋናው ምስክር ያልቀረበበት ክስ ምን ሊሆን ይችላል? ተከሳሹ በነጻ ይሄዳል፤ ሰፈሩም «ገንዘብ ከፍሎ ወጣ» ብሎ ያወራል።

---

ስኮርታ

ወደ መኪና ልውሰዳችሁ። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የፊት መብራት፣ ስኮርታ ጎማ ለምን ይሰረቃሉ? ሻንሲው ቁጥር አለው፣ ሞተሩ ቁጥር አለው፣ ሊብሬው ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል። ስፖኪዮ ምንም የለውም። ከመኪናው በተለየባት ቅጽበት የማንም ናት። መለዋወጫ ደግሞ ውድ ነው፤ ለአንዳንዱ ሞዴል አዲሱ ጭራሽ አይገኝም።

መፍትሔው ቁጥር መስጠት ነው። ብዙ ባለመኪና የሰሌዳ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ያስቀርጻል። ጥሩ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። መስታወቱ በርካሽ ይቀየራል፤ ውዱ መስታወቱን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ያለበት አካሉ ነው። ስለዚህ መስታወቱም፣ የፕላስቲክ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽም፣ ውስጡ ያለው የሞተር ማቀፊያም ይቀረጽ። የፊት መብራቱም እንዲሁ፤ በመስታወቱ ዳርና በጀርባው። ምን ይቀረጽ ለሚለው የሰሌዳ ቁጥር ሊቀየር ይችላል፤ የሻንሲው የመጨረሻ 8 ምልክቶች ይሻላሉ። የሻንሲ ቁጥር 17 ምልክት ነው፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ሊብሬያችሁ ላይ «ኦ» የሚመስል ካያችሁ ዜሮ ነው። የተቀረጸውን ከመኪናው ጋር በአንድ ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ።

ሌላም አለ፤ ይሄንን አጥብቄ ነው የምለው። ስፖኪዮው የተሰረቀበት ሰው ደላላ ጠርቶ የራሱን ዕቃ መልሶ ይገዛል። በዚያ ግዢ ሌባው አስተማማኝ ገበያ አገኘ፤ ከባለቤቱ በላይ ዕቃውን የሚፈልገው የለምና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ጆናታን ዋይልድ የሚባል ሰው ኑሮውን የመሠረተው በዚህ ነበር። ሌቦቹን ያሰማራል፣ ዕቃውን ይሰበስባል፣ ከዚያ «አግኝቼልዎታለሁ» ብሎ ለባለቤቱ በጉርሻ ይመልሳል። ሌባ አዳኝ ተብሎም ይከበር ነበር። ክስ ሳይመሠርቱ ለተሰረቀ ዕቃ ማስመለሻ ገንዘብ መቀበል በሕግ ወንጀል ከተደረገ በኋላ በ1725 ተሰቀለ።

---

ችሎት ታዳሚ

ስኮርታ ያነሳው የኛም ሕግ ውስጥ አለ። አንቀጽ 682 መሸሸግ ይባላል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የገዛ፣ ያስቀመጠ፣ ያሻሻጠ ሁሉ ይጠየቃል። ሁለት ስፖኪዮ ያለ ደረሰኝ፣ ገመዱ ተቆርጦ፣ ከዋጋው በግማሽ የገዛ ባለሱቅ «አላወቅኩም» ቢል ገመዱ ይመሰክርበታል። ለዚህም ነው የተያዘው ዕቃ ሁኔታ፣ አቆራረጡ ጭምር፣ በፎቶ መያዝ ያለበት።

ገዢውም ልብ ይበል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1165 የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ዕቃውን ከያዘው ሰው ላይ መጠየቅ ይችላል፤ የያዘው ሰው በቅን ልቦና የገዛ ቢሆንም።

---

ስሌት ወዳድ

«ያዋጣል ወይ» ወደሚለው እንመለስ፤ እስካሁን ማንም አልነካውም።

ለስሌት ያህል አዲሱ 30,000 ብር የሚያወጣ ቀፎ እንውሰድ። የተቆለፈ፣ ካርቶንና ደረሰኝ የሌለው ስለሆነ ቀሚው 5,000 ብር ተቀበለበት እንበል። ሁለት ሆነው ከሠሩ ለአንዱ 2,500። ተቀባዩ ፈትቶ ወይም አስከፍቶ 14,000 ብር አወጣበት እንበል። ባለቤቱ 30,000 ከስሯል፤ ያን ሁሉ ኪሳራ ያደረሰው ሰው ያገኘው ከአሥራ ሁለት አንዱን ነው። ትርፉ ያለው ተቀባዩ ዘንድ ነው፤ የመያዝ አደጋው ያለው መንገድ ላይ ያለው ልጅ ዘንድ።

አሁን አደጋውን እንየው። በአንድ ሥራ የመያዝ ዕድል 5 በመቶ ብቻ ቢሆን ከመያዝ የማምለጥ ዕድል 95 በመቶ ነው፤ ያዋጣል ያስብላል። ግን ማንም አንዴ ሠርቶ አይተውም። በ14ኛው ሥራ ላይ ቢያንስ አንዴ የመያዝ ዕድሉ ከግማሽ ያልፋል፤ በ20ኛው 64 በመቶ ይደርሳል። 14 ጊዜ 2,500 ደግሞ 35,000 ብር ነው። ይህን ከዓመት እስራት ጋር አስተያዩት።

ትልቁ ዘረፋም ከዚህ የተለየ አይደለም። በብሪታንያ ባንኮች ላይ ከተፈጸሙ ዘረፋዎች የተሰበሰበ መረጃ ያጠኑ የኢኮኖሚክስ ሰዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ አንድ ዘረፋ በአማካይ 20,330 ፓውንድ፣ በአንድ ሰው ሲካፈል ደግሞ 12,700 ፓውንድ ያህል ብቻ እንደሚያስገኝ አሳይተዋል። የዚያ አገር መካከለኛ ሠራተኛ በግማሽ ዓመት የሚያገኘው ነው።

---

ሰፈረ ሰላም

ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ግን ቀሚው ልጅ ይህን ቁጭ ብሎ አያሰላም። ዛሬ ማታ ለሚቃም ጫት ነው የሚሮጠው።

---

ስሌት ወዳድ

ልክ ነህ፤ ያ ግን ያንተን የመጀመሪያ ሐሳብ ነው የሚያፈርሰው። የዛሬ ማታውን ብቻ የሚያይ ሰው ከ5 ዓመት ወደ 15 ዓመት ቢጨመርበት ልዩነቱ አይታየውም። የሚታየው ሁለት ነገር ነው፤ አሁን ይይዙኛል ወይ፣ ይህን ዛሬውኑ የሚገዛኝ አለ ወይ። ሁለቱ ላይ መሥራት ይቻላል።

ሌላው መታወስ ያለበት የሌባው ቁጥር ከስርቆቱ ቁጥር እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው። በፊላደልፊያ በ1945 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ወንዶች ልጆች እስከ 18 ዓመታቸው ተከታትለው ሲጠኑ ከመቶ 6 የሚሆኑት ከጠቅላላው ጥፋት ከግማሽ በላዩን ፈጽመው ተገኙ። መቶ መዝገብ ተዘግቶ አንዱ ብቻ ቢፈታ የዚያ አንዱ ፈጻሚ ከሌሎቹ ሠላሳውን የሠራው ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አይያዝም» ተብሎ ያልተመዘገበ አቤቱታ ሌላ ጊዜ የሚያዘውን ሰው ከብዙ ጥፋቶቹ ነጻ ያደርገዋል።

---

ደብረ ታቦር

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ ረጅም ልምድ ነበራቸው። በገጠር ሌባው ያልታወቀ ስርቆት ሲደርስ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባል ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የጥፋቱ ባለቤት እስኪወጣ መበተን የለም። ያየ ሰው በይፋ እንዳይጋለጥ በምስጢር ይናገራል፤ የመረጃው ባለቤት «ወፍ» ይባላል። ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል።

ክፉ ጎን ነበረው፤ ድሃው በመከር ሰዓት ቀናት ይታገትበታል፣ ያልሰረቀ ይከፍላል፣ ወፉም በጠላቱ ላይ ሊመሰክር ይችላል። ሌባ ሻይ የሚባለው ከዚህም የባሰ ነበር፤ የሚያፈዝ ነገር ያጠጡትን ልጅ እየተከተሉ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ይሉታል። ያንን ማንም አይመልሰው። አፈርሳታ ግን አንድ ሥረ ነገር አለው፤ ያየ ሰው ሁልጊዜ አለ፣ ሳይጋለጥ የሚናገርበት መንገድ ይፈልጋል። ዛሬ ያየ ዘበኛ፣ ሊስትሮና ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ቃል ለመስጠት ስማቸው ተጽፎ፣ ችሎት ተመላልሰው፣ የቀን ገቢያቸውን አጥተው ነው። ሌባው ደግሞ ነገ እዚያው ሰፈር ይጠብቃቸዋል። ዝም ማለታቸው ይገርማል?

---

ሜሪላንድ ሾፌር

እዚህ አሜሪካ ብዙ ወገን ራይድ ስለሚሠራ ይህን ያውቃል። ኪያና ሃዩንዳይ ቁልፉን በኤሌክትሮኒክ የሚለይ መቆለፊያ በብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ አላደረጉም ነበር፤ በ2015 ሞዴል መቆለፊያው የነበረው ከመኪኖቻቸው 26 በመቶው ብቻ ሲሆን የሌሎቹ አምራቾች 96 በመቶ ነበር። ከ2021 በኋላ ስርቆቱ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። ፖሊሱ ያው ነው፣ ሕጉ ያው ነው፣ ልዩነቱ መቆለፊያው ነው። ኩባንያዎቹ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ነጻ የሶፍትዌር ማስተካከያ ጀመሩ።

ምዕራብ ጀርመን በ1963 እ.ኤ.አ. አሮጌም አዲስም መኪና ሁሉ የመሪ መቆለፊያ እንዲኖረው አስገደደች፤ ስርቆቱ ወርዶ ቀረ። ብሪታንያ በ1971 ለአዲሶቹ ብቻ አደረገች፤ ሌቦቹ ወደ አሮጌዎቹ ዞሩ። ስኮርታ የጻፈው የቁጥር ቅርጽም እንዲሁ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲያደርገውና አንድ ሰው ብቻውን ሲያደርገው ውጤቱ አንድ አይደለም።

---

ትዕግሥት ከአያት

ሁሉንም አነበብኩ። ጣቢያ ሄደን የምንሰጠው ቃል ምን ምን ቢይዝ ነው መርማሪው የሚሠራበት? ቢቻል ምሳሌ ጻፉልን።

---

የመርማሪ ዓይን

ለስልክ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፤ ነጥብ ነጥብ ያለበትን ቦታ በራስሽ ሙዪ፦

«ሰኞ ዕለት ከቀኑ 11 ሰዓት ከ40 ገደማ ከ... ታክሲ ማቆሚያ ወደ ... ስሄድ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ከኋላ የመጣ ሰው በቀኝ እጄ የያዝኩትን ስልክ ቀምቶ በሞተር ብስክሌት በሚጠብቀው ሌላ ሰው ጀርባ ተፈናጥጦ ወደ ... አቅጣጫ ሄደ። ስልኩ ሳምሰንግ፣ ቀለሙ ሰማያዊ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ 1ኛ ... 2ኛ ...፣ በውስጡ የነበረው ሲም ቁጥር ...። የስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ጥግ የተሰነጠቀ፣ የጀርባ ካሜራው አጠገብ የተጫረ ነው። በ... ዓ.ም. በ... ብር ተገዝቷል። የቀማኝ ሰው ቁመት፣ የለበሰው ...። የሞተሩ ሰሌዳ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ...። ሲሙን በ11 ሰዓት ከ55 አዘግቻለሁ። ፋርማሲው በር ላይ ካሜራ አለ።»

ስንጥቁንና ጭረቱን አትተዊ፤ ቁጥሩ ቢቀየር እንኳ እነሱ ይቀራሉ። የማታውቂውን አትገምቺ፤ ያላየሽውን ፊት ገልጸሽ ተጠርጣሪው ሌላ መልክ ይዞ ከቀረበ ሙሉው ቃልሽ ይወድቃል። ፋርማሲውን በዚያው ዕለት ምስሉን እንዳይደመስሱ ጠይቂ፤ ራስሽ ገልብጠሽ አትውሰጂ፣ መርማሪው ይቀበለው። ከመፈረምሽ በፊት ቃሉ ይነበብልሽ። ስትወጪ የምርመራ መዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ያዢ፤ ኢንሹራንስ ካለሽም መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። አዲስ ሲም ስታወጪ ስልክ ቁጥርሽ ከተቀየረ ለመርማሪው አስመዝግቢ፤ ዕቃው ተገኝቶ ባለቤቱ በስልክ ባለመገኘቱ የቆመ መዝገብ ብዙ ነው።